የሐጅ ጉዞና የወር አበባን ማዘግየት

የወር አበባችሁ ከጠዋፍ ጋር እንዳይገጥም ብትሰጉ፣ ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኖርኤቲስቴሮን የተባለ ባለ 5 ሚሊ ግራም እንክብል ነው። የወር አበባው ከሚጠበቅበት ቀን 3 ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ በቀን 3 ጊዜ ይወሰዳል። ሲቆም ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ደሙ ይመጣል። በዚህ አወሳሰድ ግን እርግዝናን አይከላከልም።

21 ሆርሞን ያላቸውና 7 የብረት ፍሬዎች ያሉትን የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስዱ፣ ብረቶቹን ትታችሁ አዲሱን እሽግ መጀመር ትችላላችሁ።

የደም መርጋት፣ የጡት ካንሰር ወይም የጉበት ሕመም ያለባት ሳታማክር አትውሰድ።

ሐይድ ቢመጣም አትዘኑ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በሐጅ ላይ ገጥሟቸው ሌላውን ሥርዓት ፈጽመዋል፤ ጠዋፉን ያደረጉት ከጠሩ በኋላ ነው።