ከጡት ካንሰር ለመጠበቅ፦ ምግብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና ቪታሚኖች



በዚህ ትምህርት ስለ ጡት ካንሰርና በሽታውን ለመከላከል በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል እንገልጽላችኋለን። ትምህርቱ ለሴቶች ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከሱፐር ዕቃ የሚገዛ ባል፣ እናቱን ወደ ሐኪም የሚያደርስ ልጅም ሊያነበው ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በሽታው በዕብራይስጥ "ሳርታን" ይባላል። በአማርኛ ብዙ ሰው "ነቀርሳ" ይለዋል። ነገር ግን "የሳንባ ነቀርሳ" የምንለው ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የታመመችን ሴት ዕቃ መለየት ወይም ልጆችን ከእሷ ማራቅ አያስፈልግም። (የተርጓሚዋ ማስታወሻ፦ በዚህ ጽሑፍ "ካንሰር" የሚለውን ቃል የመረጥኩት ለዚህ ነው። በስሙ መመሳሰል የተነሳ አንዲት ጎረቤቴ ብርጭቆዋን ለብቻዋ አስቀምጣ ስትጠጣ አይቻለሁ።)

የጡት ካንሰር በእስራኤል ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ሁሉ የበዛው ነው። "በአገራችን ይህ በሽታ አልነበረም" የሚሉ እናቶች አሉ። ነበረ፤ ምርመራ ስላልነበረ ግን ስሙ ሳይታወቅ ያለፉ ብዙ ናቸው። ሆኖም አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ከጃፓን ወደ አሜሪካ የሄዱ ቤተሰቦች ሲጠኑ፣ በጃፓን ጥቂት የነበረው የጡት ካንሰር በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ላይ እየጨመረ ተገኝቷል። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው፦ ምግቡ፣ የሰውነት ክብደቱ፣ የወሊዱ ቁጥር፣ ጡት የማጥባቱ ጊዜ።

ጡት ስለ ማጥባት አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ከ30 አገሮች ተሰብስቦ የወጣ ጥናት፣ እናት ባጠባች በእያንዳንዱ 12 ወር በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ4.3 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ በሱቅ የዱቄት ወተት ስለበዛ ብቻ ማጥባትን አያቋርጡ።

ከካንሰር የሚያድን አንድ የተለየ ምግብ የለም። በአሜሪካ 48,835 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2006 የወጣ ጥናት፣ ቅባት መቀነስ ብቻውን በስምንት ዓመት ገደማ ውስጥ የጡት ካንሰርን በግልጽ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በእርግጥ የሚታወቀው ስለ ውፍረት ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሰውነት ስብ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ይሠራል፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ አብዛኛውን የጡት ካንሰር ያሳድጋል። እንግዲህ ከምግቡ ስም ይልቅ ክብደት የሚጨምረውን ነገር መጠንቀቅ ይሻላል።

ጤፍ እዚህ ውድ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ እንጀራውን በነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋግራል። ቢቻልዎ ጤፍ፣ ካልሆነም ያልተፈተገ የስንዴ ዱቄት፣ "ቄማሕ ማሌ" የሚባለውን፣ ይቀላቅሉበት። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን የድሃ ምግብ አይደሉም። በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ "ጤናማ ምግብ" ተብሎ የተሳለው ይኸው ነው። ልጆች ሽሮውን ትተው ሽኒጼልና ኮላ ቢጠይቁ ቶሎ አይሸነፉላቸው። ቡናውንም ያስቡበት፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባባቸው በአንድ ጊዜ ስድስት ማንኪያ ሆነ።

አልኮል በትንሹም ቢሆን የጡት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል፣ በጠጡ ቁጥርም ይበዛል። ጠላም ጠጅም አረቄም ወይንም በዚህ አንድ ናቸው። ለቅዱሽ የወይን ጭማቂ መጠቀም ይቻላል።

አሁን ስለ እንቅስቃሴ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ውኃ ከምንጭ ስትቀዳ፣ ገበያ በእግሯ ስትሄድ ለኖረች ሴት ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን በኔታንያ አውቶቡስና አሳንሰር አለ፤ ሳናውቀው መቀመጥ እንለምዳለን። ከኪካር ሃዓጽማውት ተነስቶ በገደሉ አፋፍ በባሕሩ ትይዩ የሚሄደው መንገድ ለመራመድ የተመቸ ነው፤ ክፍያም የለውም። በጽዳት ሥራ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና የምትል ሴትም ያ ይቆጠርላታል፤ ሌላ ስፖርት ጨምሪ ብሎ የሚያስገድዳት የለም። ብቻዎን መውጣት ከከበደዎ ከጎረቤት ጋር ይውጡ፤ ወሬው ራሱ መንገዱን ያሳጥራል።

ስለ ቪታሚኖች ጠንከር ብለን እንናገራለን፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። "ካንሰር ይከላከላል" እየተባለ በየቤቱ የሚሸጥ ክኒን አይግዙ። በ2019 በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጣ፤ ቪታሚን ዲና የዓሣ ዘይት በካንሰር የሚያዙትን ቁጥር አልቀነሱም። እንዲያውም በፊንላንድ በ1994 በወጣ ጥናት ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው ሲጋራ አጫሾች ከሌሎቹ ይልቅ በሳንባ ካንሰር ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ ማለት ሐኪም ያዘዘውን ይተዉ ማለት አይደለም። ለነፍሰ ጡር ፎሊክ አሲድ፣ ደም ላነሳት ብረት፣ በደም ምርመራ ቪታሚን ዲ ላነሰው ቪታሚን ዲ ይታዘዛል፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም ለወጥና ለቡና መልካም ናቸው። እንደ መድኃኒት የሚወስዷቸው ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ።

በመልካም የምትኖር ሴትም ልትታመም ትችላለች፤ ጥፋቷም አይደለም። ስለዚህ ምርመራው አይቀርም። ዕድሜዋ ለምርመራው የደረሰ ሴት በየሁለት ዓመቱ በኩፓት ሖሊም በኩል ማሞግራፊያ ትነሳለች። እናትዎ፣ እህትዎ ወይም የአባትዎ እህት ታማ ከነበረ ዕድሜዎ ሳይደርስ ለቤተሰብ ሐኪሙ ይናገሩ። በተዑዳት ዜሁት ላይ የተጻፈው ዕድሜዎ ከእውነተኛው ያነሰ ከሆነም እንዲሁ ይናገሩ፤ የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው በተጻፈው ዕድሜ ነውና ዘግይቶ ይደርስዎታል። በጡትዎ ላይ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ካዩ ደብዳቤ አይጠብቁ፤ ባያምዎትም በዚያው ሳምንት ይሂዱ።

የዚህ ዓይነቱን ጉዳይ ልጅዎ እንዲያስተረጉም አያድርጉ። ለሁለታችሁም ከባድ ነው። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስልክ *5400 ደውለው በአማርኛ መጠየቅ ይችላሉ። ውጤቱ ሲመጣ "ሽሊሊ" ቢሉዎት አይደንግጡ፤ ቃሉ በአማርኛ "አሉታዊ" ቢሆንም እዚህ ላይ በሽታ አልተገኘም ማለት ነው።