ላንታነምና የስምጥ ሸለቆ ውኃ

ሶደሬ ወርዶ በፍል ውኃው ያልታጠበ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ያን ውኃ ከመሬት በታች የሚያፈላው ሙቀት ከዐለቱ ፍሎራይድ የሚባለውንም እያሟሟ እንደሚያወጣ ልብ የሚል አይበዛም። ከሶደሬ በአዋሽ ሽቅብ ያለው ወንጂ፥ በደቡብም እስከ ባቱና ከዚያ ወዲያ ድረስ፥ የብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውኃ ይኸው ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በስምጥ ሸለቆ 10 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። በልጅነቱ ይህን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት የጠጣውም አጥንቱ እየደረቀ ጀርባው ይጎብጣል። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች ይህንኑ አይተው ጽፈዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የዚያው አገር ልጅ ነውና፥ ፎቶግራፍ ሲነሣ አፉን ገጥሞ ነው።

ይህን ያስቀደምሁት ስለ ላንታነም ለመናገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በኬሚስትሪ ምን አገባው የሚል ቢኖር፥ ያገባኝ በጥርሴ በኩል ነው።

ላንታነም ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ከሚባሉት አንዱ፥ በአቶም ቍጥር 57ኛው ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ሞሳንደር በ1839 እ.ኤ.አ. ሲያገኘው በሴሪየም ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ነበር፥ ስሙ «መሸሸግ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወጣለት። ብርቅዬ መባሉ እንኳ ለስም ያህል ነው፤ በምድር ቅርፊት ከእርሳስ ይልቅ ይበዛል። የሚያስቸግረው ጠባዩ እጅግ ከሚመስሉት ወንድሞቹ መለየቱ ነው። ብር መሳይ፥ በቢላዋ የሚቆረጥ፥ በ920 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ነው። የላይተር ድንጋይ፥ የካሜራ ሌንስ፥ የባትሪና የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ይፈልገዋል።

ለእኛ የሚበጀው ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ላንታነም ፍሎራይድን አጥብቆ ይይዛል፤ ሁለቱ ሲገናኙ በውኃ የማይሟሟ ነገር ሆነው ይዘቅጣሉ። ላንታነም የሚወጣበት ባስትኔሳይት የተባለው ድንጋይ ራሱ ፍሎራይድ ያዘለ ነው። አንዱ የላንታነም አቶም ሦስት ፍሎራይድ ይይዛልና፥ በክብደት 139 ግራም ላንታነም ለ57 ግራም ፍሎራይድ ይሆናል። እንግዲህ 10 ሚሊግራም ያለበትን ውኃ ወደ 1.5 ለማውረድ ለአንድ ሊትር 21 ሚሊግራም ገደማ፥ ለ20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ግራም የማይሞላ ላንታነም ይበቃል። ይህ በወረቀት ላይ ነው።

ጉድጓዱ እንደ ወረቀቱ አይደለም። የአገራችን ውኃ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ካርቦኔቱ ላንታነሙን ከፍሎራይዱ ይሻማዋል። በመንደሮቹ እስካሁን የተሞከረው የከብት አጥንት ከሰል፥ ደግሞም አሉም ከኖራ ጋር ነው። ከሰሉ ይሠራል፤ ዳሩ ግን ሲጠግብ የሚለውጠው ሰው ያስፈልጋል፥ አጥንቱ የምን ከብት እንደ ሆነ የሚጠይቅም አይጠፋም።

የልጅ ጥርስ የሚበላሸው ገና ከድዱ ሳይወጣ ነው፤ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነገሩ አልቋል። ታናሽ እኅቴ አምስት ዓመቷ ነው። ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ይህን ስሌት በቤተ ሙከራ ሊፈትን የሚወድ ቢገኝ፥ ከሰፈራችን ጉድጓድ አንድ ጀሪካን ውኃ አመጣለታለሁ።