ስለ ተረት፣ ስለ አዝማሪ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ

በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የማስበው ተረት፣ የአዝማሪ ግጥምና ልብ ወለድ በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ ነው።

በመጀመሪያ ተረትን እንመልከት። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚዎቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱለት ነገሩን አይጀምርም። ሲጨርስም ተረቱ እንዲመለስለት፣ አፉም በዳቦ እንዲታበስለት ይጠይቃል። እንግዲህ ሰሚው ባለ ዕዳ ነው፤ በተራው ሌላ ተረት መንገር አለበት።

ሁለተኛው የአዝማሪ ግጥም ነው። አዝማሪው ባለ አንድ ክር መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲዘፍን፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ከሆነ ሰሙ ለሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን ግን ቶሎ የሚያገኘው ሰውየውንና ሰፈሩን የሚያውቅ ነው።

ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ታተመ፤ ዛሬ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይታወቃል። በውስጡ ወንድምና እኅት ይለያያሉ፤ ልጂቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ፍጻሜው ሠርግ ነው። ይህ ሁሉ ተረትን ይመስላል። ልዩነቱ አንባቢው ብቻውን መሆኑ ነው፤ ቢመልስም ባይመልስም መጽሐፉ አይለወጥም።

ስለዚህ መጽሐፍ ያለ ጎረቤት ይኖራል፤ ተረትና የአዝማሪ ግጥም ግን አይኖሩም። ይህም ለእኛ ለካዛንቺስ ልጆች ትልቅ ነገር ነው። ሰፈራችን በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። የሴት አያቴን ተረት ይቀበሉ የነበሩት እናቶችም ዛሬ በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ እርሳቸውም «ለማን ልንገር?» ይላሉ።

ቴሌቪዥን ይበቃል የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ለልጆች ተረት ነግረዋል። ነገር ግን በየቤቱ የተቀመጠው ልጅ ቢመልስላቸው ድምፁ አይደርሳቸውም ነበር።

በጀርመን አገር ወንድማማቾቹ ግሪም የሕዝቡን ተረት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1812 ማሳተም ጀመሩ። እኛም በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን ከአንድ አያት ወይም ከአንድ ጎረቤት አንድ ተረት እንጻፍ። ስንጽፍም ማን እንደ ነገረን፣ በየትኛው ሰፈር ይነገር እንደ ነበረ፣ ሰሚዎቹም ምን ብለው ይመልሱ እንደ ነበር አንርሳ። ወላጆቻችንም የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን አድራሻ በመፈለግ እንዲረዱን እለምናለሁ። ጽፈን ስንጨርስ ደግሞ ለነገረን ሰው እኛም በተራችን አንድ ተረት እንንገረው፤ ዕዳ ነውና።