የናፍጣ መኪና ካምቢዮ በግቢ መለወጥ፦ ያተርፋል ወይስ ያከስራል?

ወላይታ ሶዶ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በቦዲቲና በሀላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ የኦሞን ሸለቆ ተሻግሮም ወደ ዳውሮ የሚያደርሱት መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚነግድ ሰው ዳገትና ቁልቁለቱን የሚችል የናፍጣ መኪና ይፈልጋል።

እንደሚታወቀው፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዷል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ተወደደ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለ የናፍጣ መኪና፣ ቢያረጅም እንኳ፣ እንደ ዋዛ የሚታይ ንብረት አይደለም።

በዚህ ገበያ አንድ ደላላ መጥቶ፣ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮው ብቻ ተበላሽቷል። ማኑዋል ግጠምበትና አትርፍ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? መልሱ የሚገኘው ከሥራው ዝርዝርና ከሒሳቡ ነው።

አውቶማቲኩ ለምን ይሞታል?

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዋነኛ ጠላት ሙቀት ነው። ኃይል ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚተላለፈው ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ በሚዞር ዘይት አማካይነት ነው። ጭነት ሲከብድና ዳገት ሲረዝም ዘይቱ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተውም ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ሶዶ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። ሾፌሩ ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፣ ዘይቱም ይባስ ይግላል። ገዢ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥቶ ይይ፤ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ወይም ማርሹ ከገባ በኋላ መኪናው ዘግይቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ያ ካምቢዮ እየሄደ ነው።

የትኛው መኪና ይቀላል?

ነዳጁን በሜካኒካል ፖምፓ የሚያገኝ ሞተር ይቀላል። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ እንዲሁም በላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው 1ኤችዜድ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ሞተሮች ከካምቢዮ የኤሌክትሪክ መልእክት ሳይጠብቁ ይሠራሉ። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት፣ ለምሳሌ በፕራዶ ላይ የሚታየው 1ኬዜድ ቲኢና ከእሱ በኋላ የመጡት፣ የካምቢዮው ምልክት ሲጠፋባቸው የብልሽት መብራት ሊያበሩ ወይም ሥራቸውን ሊያዛቡ ይችላሉ። ለእነዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ማኑዋሉን አንሥቶ አውቶማቲክ መግጠም ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል። የዘይት ማቀዝቀዣ፣ የካምቢዮ ኮምፒዩተር፣ ገመድና የነዳጅ መርገጫ ምልክት ሁሉ ሊሟላ ይገባል። ቶርክ ኮንቨርተሩ እየተዞረ ከዘይት ፖምፓው ጋር እስኪገጥም ወደ ውስጥ ካልገባና ቡሎኑ በግድ ከታሰረ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ፖምፓው ይሰበራል። ይህን በግቢ መሞከር አይመከርም።

ምን ምን ይለወጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ካምቢዮ ገዛሁ» ብሎ ሲጨርስ ነው። ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ሲኬድ የሚከተሉት በሙሉ ይፈለጋሉ፦

1. ከሞተሩ ጋር ቡሎን ለቡሎን የሚገጥም ካምቢዮ። የመኪናው ስም መመሳሰሉ አይበቃም፤ የሞተሩ ዓይነት አንድ መሆን አለበት።

2. ቮላኖ ከራሱ ቡሎኖች ጋር። በአውቶማቲክ ላይ ያለው ስስ ሳህን ፍሪሲዮን አይሸከምም። ሞተሪኖው ከአዲሱ ቮላኖ ጥርስ ጋር መግጠሙም ይታይ።

3. ፍሪሲዮን፣ ስፒንጂ ዲስክ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታና በኮሎው ጫፍ የምትገባው ትንሿ ኩሽኔታ። ትንሿ ብትረሳ የካምቢዮው ዘንግ ያለ ደጋፊ ይዞርና ይበላል። የኮሎው የኋላ ፓራኦሊም በዚያው ይቀየር፤ በኋላ ለአንዲት ፓራኦሊ ተብሎ ካምቢዮ እንደገና ይወርዳል።

4. የፍሪሲዮን ፔዳል ከላይኛውና ከታችኛው ፖምፓ ጋር።

5. ካምቢዮውን የሚሸከመው ድጋፍና ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ። ርዝመቱ ከተለየ በቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ሚዛኑ መለካት አለበት፤ አለዚያ መኪናው በፍጥነት ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

6. ሽቦው። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ በፒ ወይም በኤን ካልሆነ አይነሣም። ይህ መስመር በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ወደሚሆን ማብሪያ ይዛወር። ዝም ብሎ ቢቀጠል መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ ይነሣና ከፊቱ የቆመውን ሰው ይገጫል። የኋላ ማርሽ መብራትም አይረሳ።

በግቢ ሲሠራ

የአንድ የሜዳ መኪና ካምቢዮ ከፊት ጎማ ማሠሪያው ጋር ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሰው ከሥሩ መግባት የለበትም፤ ጠንካራ ማቆሚያና ደረቅ የሲሚንቶ ወለል ያስፈልጋል። በክረምት ጭቃ ላይ ማቆሚያው ይሰምጣል። ባትሪው አስቀድሞ ይፈታ። እነዚህ ከሌሉ ጋራዥ መውሰዱ ይረክሳል።

ሒሳቡ

የሚከተለው ለትምህርት የተወሰደ ምሳሌ እንጂ የዕለቱ ዋጋ አይደለም። ካምቢዮው በመበላሸቱ መኪናው 400,000 ብር ተቀንሶ ተገኘ እንበል። ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ከነቮላኖው 250,000፣ አዲስ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊ 45,000፣ የእጅ ዋጋ 40,000፣ ዘንግና ድጋፍ ማስተካከያ 30,000፣ ዘይትና ዕቃውን ከሶማሌ ተራ ሶዶ ማድረሻ 15,000 ብር ቢሆን ድምሩ 380,000 ይሆናል። የተረፈው 20,000 ብር ነው። መኪናው ሲሸጥ ገዢው «ከፋብሪካ የወጣ ካምቢዮ አይደለም» ብሎ 60,000 ብር ቢሰብር፣ ነጋዴው 40,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። መኪናው የቆመባቸው ቀናት ገቢ ገና አልታሰበም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራው ገዝቶ ለሚሸጥ ብዙም እንደማይሆን ነው። የሚያዋጣው መኪናውን ለዓመታት ራሱ ለሚነዳ፣ ሞተሩ ሜካኒካል ለሆነለትና ዕቃውን በሙሉ ከአንድ ዓይነት መኪና ለሚያገኝ ሰው ነው። ለእሱ ትርፉ ወደ ዳውሮ ሲወርድ ማርሽ አሳንሶ በሞተሩ ጉልበት መኪናውን መያዙና ፍሬኑን ማዳኑ፣ ከተበላሸም በየጋራዡ የሚጠግንለት ማግኘቱ ነው።

ወረቀቱም ይታሰብ

በሊብሬ ላይ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በካምቢዮ ለውጥ አይነካም። ይሁን እንጂ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቦሎ ምርመራ የሚያደርገውን የትራንስፖርት ቢሮና የኢንሹራንስ ድርጅቱን መጠየቅ ይገባል። የካምቢዮውን ደረሰኝም መያዝ ይበጃል፤ የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ መጠየቅ ይመጣልና።

ደላላም ቢሆን የተለወጠውን ለገዢ አስቀድሞ ቢናገር ይጠቀማል። ሁለት ፔዳል የነበረው መኪና ሦስት ሲሆን ዐዋቂ ገዢ ከመሪው ሥር አይቶ ይለየዋል፤ የተደበቀ ነገር ካገኘ በኋላም ስለ ሞተሩ የሚነገረውን አያምንም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዕቃው በሙሉ ተሰብስቦ ሳይቆጠር የመጀመሪያው ቡሎን አይፈታ።