የቤት ዋጋ ሲወርድ ታክሱ ለምን ይጨምራል? በሜሪላንድ የመኖሪያ ሰፈሮች የዳግም ግመታና የታክስ ጣሪያ ግንኙነት

በንብረት ታክስ ጥናት ፍትሐዊነት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ገማቹ ለቤቱ የሰጠው ግምት ከገበያ ዋጋው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በማየት ነው። ግምቱ ትክክለኛ ከሆነ ታክሱም ፍትሐዊ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት፣ በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ የሚገኙ የመኖሪያ ሰፈሮች ግን ይህ ድምዳሜ በቂ አለመሆኑን ያሳያሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ግምቱ ከገበያው ጋር ፍጹም ቢስማማ እንኳ፣ ጎን ለጎን የቆሙና እኩል ዋጋ ያላቸው ሁለት ቤቶች እጅግ የተራራቀ ታክስ ሊጠየቅባቸው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመነጭ ያስረዳል፤ አጥኚው ምን መለካት እንዳለበትም ያመለክታል።

የግመታው አሠራር

በሜሪላንድ የቤት ግመታ የየካውንቲው ሥራ አይደለም። በ23ቱ ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ ግመታውን የሚያካሂደው የግዛቱ የግመታና የታክስ መሥሪያ ቤት ነው። ንብረቶች በሦስት ምድብ ተከፍለው በየዓመቱ አንዱ ምድብ ስለሚገመት፣ ለእያንዳንዱ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል። ማስታወቂያው በዲሴምበር መጨረሻ ይላካል፤ ግምቱን የማይቀበል ባለቤት በ45 ቀናት ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው በመጀመሪያ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ በይግባኝ ሰሚ ቦርድ፣ በመጨረሻም በግዛቱ የታክስ ፍርድ ቤት ይታያል።

አዲሱ ግምት ከቀድሞው ከበለጠ ጭማሪው በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በእኩል ይከፋፈላል። ካነሰ ግን አዲሱ ዝቅተኛ ግምት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራበታል።

ዳግም ግመታ በራሱ የታክስ ጭማሪ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዕዳው የሚታወቀው ግምቱ ምክር ቤቱ በሚያወጣው ተመን ሲባዛ ነው። የግዛቱ ሕግም የባለፈውን ዓመት ገቢ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያስገኘው ተመን ተሰልቶ ለየምክር ቤቱ እንዲገለጽ ያዛል፤ ከዚያ በላይ ሊያስከፍል የሚፈልግ ምክር ቤት ሐሳቡን በይፋ ማስታወቅና ሕዝቡን ሰብስቦ ማድመጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ሌላ ገደብ በሌለበት ሥርዓት የሁሉም ቤት ዋጋ በአንድ ልክ ቢያድግና ተመኑ በዚያው መጠን ቢወርድ የማንም ዕዳ አይለወጥም። ዳግም ግመታ ጫናውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው አንዱ ሰፈር ከሌላው ፈጥኖ ሲወደድ ነው።

ጣሪያው

ሜሪላንድ ከዚህ በተጨማሪ «ሆምስቴድ» የሚባል የታክስ ቅናሽ አላት። በዚህ ቅናሽ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ዋና መኖሪያ ላይ ታክስ የሚሰላበት ዋጋ በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያድግ ይደረጋል። ሕጉ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ፣ ዝቅ ያለውን መጠን የመምረጥ መብት ለየአካባቢው መንግሥት ይሰጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያቅፈው የሞንጎመሪ ካውንቲ ጣሪያ 10 በመቶ ሲሆን፣ የአጎራባቹ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ጣሪያ ከዋጋ ግሽበት ጋር የተያያዘና ከ5 በመቶ የማይበልጥ ነው። ቤቱ ሲሸጥ የተጠራቀመው ቅናሽ ይቋረጣል፤ ገዢው ከሙሉው ግምት ይጀምራል። የሚከራይ ቤት ደግሞ ከመጀመሪያውም የቅናሹ ተጠቃሚ አይደለም።

የሁለት ጎረቤታሞች ስሌት

ውጤቱን ለመረዳት ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ቁጥሮች ይበቃሉ። ተመኑ በየ100 ዶላር 1 ዶላር፣ ጣሪያው 10 በመቶ ይሁን። ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች ቀድሞ 480,000 ዶላር ተገምተው የነበሩ ሲሆን፣ በዳግም ግመታ 600,000 ዶላር ደረሱ። የአዲሱ ገዢ ታክስ የሚሰላበት ዋጋ በሦስት ዓመት ውስጥ 520,000፣ 560,000 እና 600,000 ይሆናል። የየዓመቱ ዕድገት ከ10 በመቶ ስለሚያንስ ጣሪያው አይደርስለትም። የነባሩ ባለቤት ዋጋ ግን ባለፉት የዕድገት ዓመታት በጣሪያው ተይዞ 300,000 ላይ ቆይቷል እንበል፤ እርሱ 330,000፣ 363,000 እና 399,300 ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት አዲሱ ገዢ 6,000 ዶላር ሲከፍል ነባሩ 3,993 ዶላር ይከፍላል።

ቀጥሎ ገበያው ቢወድቅና የሁለቱም ግምት ወደ 540,000 ቢወርድ የአዲሱ ገዢ ዕዳ ወዲያው 5,400 ዶላር ይሆናል። የነባሩ ዋጋ ግን ገና ከግምቱ በታች ስለሆነ መውጣቱን ይቀጥላል፤ 439,230 ደርሶ ዕዳው 4,392 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ቤቱ 10 በመቶ ረክሶ ታክሱ 10 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። የአሜሪካ የቤት ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ባሽቆለቆለበት ወቅት በሜሪላንድ ግምታቸው ወርዶ ዕዳቸው የጨመረ ባለቤቶች የገጠማቸው ይኸው ነበር። ብዙዎች ስሕተት መስሏቸው ግራ ቢጋቡም ገማቹ አልተሳሳተም፤ ጣሪያው ያቆየው ዕዳ ቀስ በቀስ እየደረሰ ነበር።

ምን ይለካ?

ገማቾች በዓለም አቀፍ ማኅበራቸው መስፈርት በኩል ሁለት ዋና መለኪያዎችን ይጠቀማሉ። አንደኛው ርካሽ ቤቶች ከውድ ቤቶች ይልቅ ከፍ ብለው መገመታቸውን የሚያሳየው ንጽጽር ሲሆን፣ ተቀባይነት ያለው ከ0.98 እስከ 1.03 ነው። ሁለተኛው ግምቶች ከመካከለኛው ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚለካ ሲሆን፣ ለነጠላ መኖሪያ ቤቶች ከ15 በመቶ እንዲበልጥ አይፈለግም።

ከላይ ያሉትን ሁለት ቤቶች በሦስተኛው ዓመት በግምታቸው ብንለካቸው የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 0 ይሆናል፤ እንከን የለሽ ግመታ ነው። ታክስ በተሰላበት ዋጋ ብንለካቸው የመጀመሪያው አሁንም 1 ነው፤ ሁለተኛው ግን ወደ 20 በመቶ ይወጣል። ጉድለቱ በርካሽና በውድ ቤት መካከል ሳይሆን በእኩል ቤቶች መካከል ስለሆነ የመጀመሪያው መለኪያ አያየውም። ግምትን ብቻ የሚመረምር ጥናት ልዩነቱን ጨርሶ ይስተዋል።

የጣሪያው ዋጋ

ጣሪያው ያለ ምክንያት አልመጣም። የጡረታ ገቢው ያላደገ ሰው ሰፈሩ ስለተወደደ ብቻ ከቤቱ እንዳይፈናቀል ይጠብቃል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ወስዶታል፤ ዕድገቱን በዓመት በ2 በመቶ ገድቦ፣ ሙሉ ዳግም ግመታን በመሠረቱ ለባለቤትነት ለውጥና ለአዲስ ግንባታ ተወው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 በኖርድሊንገርና በሀን ክርክር ሕጉን ሲያጸና፣ የሰፈርን መረጋጋትና የነባር ባለቤቶችን እምነት መጠበቅ በቂ ምክንያት ነው ብሏል።

ሆኖም ጣሪያው የሚመለከተው የቆይታን ዘመን እንጂ የመክፈል አቅምን አይደለም። ባለጸጋው ነባር ይጠቀማል፤ ተበድሮ በቅርቡ የገዛው ቤተሰብና በኪራዩ ውስጥ የታክሱን ድርሻ የሚሸከመው ተከራይ አይጠቀሙም። ሜሪላንድ ራሷ የቤተሰብን ገቢ መሠረት ያደረገ ሌላ ቅናሽ ስላላት፣ ችግረኛውን ለመጠበቅ ጣሪያው ብቸኛ መንገድ እንዳልሆነ ከዚያው ሥርዓት መረዳት ይቻላል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አጥኚዎችም ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ከጸደቀ በኋላ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ዝርዝር ሕግ ሲያወጡ፣ የግምትን ትክክለኛነት ከማረጋገጥ ጎን ለጎን ከግምቱ በኋላ የሚመጡት ገደቦችና ቅናሾች ጫናውን ወደ ማን እንደሚያዛውሩ መመርመር ይገባል። የዜጋው ዕዳ የሚለየው በግምቱ ወረቀት ላይ ሳይሆን በመጨረሻው ደረሰኝ ላይ ነውና።