ደራሲው የራሱን ዘፈን ሲዘፍን

የላቲን አሜሪካን የፍቅር ዘፈን መስማት ለጀመረ ሰው አንድ አልበም ምረጥ ብባል፣ ሜክሲኳዊው ማርኮ አንቶኒዮ ሶሊስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን «ትሮሶስ ዴ ሚ አልማ» (የነፍሴ ቁራጮች) እመርጣለሁ። በአልበሙ ውስጥ ሶሊስ ቀደም ሲል ለሌሎች ድምፃውያን የደረሳቸውን ዘፈኖች ራሱ ይዘፍናቸዋል። አንድን ዘፈን በሁለት ሰው ድምፅ ስንሰማ፣ የዘፈኑ የሆነውን ከዘፋኙ ከሆነው መለየት እንችላለን።

የዘፈኖቹ ዓይነት ባላድ ይባላል። ባላድ ረጋ ባለ ምት የሚሄድ፣ አንድን ስሜት ይዞ እስከ መጨረሻው የሚያብላላ ዘፈን ነው። የስፓኒሽ ቋንቋው ባላድ ከተገኘባቸው ምንጮች አንዱ ቦሌሮ ነው፤ ቦሌሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኩባ ተወልዶ በሜክሲኮ የጎለመሰ፣ በጊታር የሚታጀብ የፍቅር ዜማ ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ የፖፕ ሙዚቃ ከበሮና የቫዮሊኖች ስብስብ ሲጨመሩበት ባላዱ አሁን የምናውቀውን መልክ ያዘ።

ባላድ ስሜቱን የሚያሳድገው በአወቃቀሩ ነው። ከአልበሙ ዘፈኖች በጣም የታወቀውን «ሲ ኖ ቴ ኡቢዬራስ ኢዶ»ን (ባትሄጂ ኖሮ) እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ናፍቆቱን ተናግረው በትንንሽ ነገሮች ላይ ያተኩራሉ፤ ሰውየው ጎህ ሲቀድ ይነቃል፣ መስታወት ያያል፣ መንገደኞች እንደ ወትሮው ሲያልፉ ይመለከታል። ሐዘኑን በዕለት ኑሮው ውስጥ እናያለን። ከዚያ አዝማቹ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመለሰው ክፍል፣ ይመጣል፤ ናፍቆቱ የሚበረታው እዚህ ነው። የዘፈኑ ርእስ የሆነው ሐረግ ደግሞ በአዝማቹ መጀመሪያ ላይ አይገኝም፤ ወደ መጨረሻው ተገፍቷል። ስለዚህ አድማጩ ምክንያቱን የሚሰማው ሕመሙን ካየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ድምፃውያኑ እንሻገር። ይህን ዘፈን በመጀመሪያ የተጫወተችው ድምፃዊቷ ማሪሴላ ናት፤ ዘመኑም 1984 ነበር። ያኔ ሶሊስ «ሎስ ቡኪስ» የተባለው ባንድ መሪ ነበር፤ ከባንዱ የተለየው በ1996 ነው። በአልበሙ ያለው «ሲ ቴ ፑዲዬራ ሜንቲር»ም (ልዋሽሽ ብችል) በ1990 ስፔናዊቷ ሮሲዮ ዱርካል የዘፈነችው ነው።

ዘፈን ከሴት ድምፅ ወደ ወንድ ድምፅ ሲሻገር ብዙ ጊዜ መነሻው ይለወጣል፤ ለዘፋኙ በሚመች ከፍታ ላይ እንዲያርፍ ዜማው በሙሉ ዝቅ ወይም ከፍ ይደረጋል። በዜማው ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ግን አይነካም። ጆሯችን ዜማን የሚያውቀው በዚህ ርቀት ስለሆነ፣ ከፍታው ቢቀየርም «ያው ዘፈን ነው» እንላለን። በዚህ መንገድ ሳይለወጥ የሚሻገረው ግጥምና ዜማው ነው፤ ይህ የደራሲው ድርሻ ነው።

የሚለወጠው ቅንብሩና አዘፋፈኑ ነው። ቅንብር ማለት የትኛው መሣሪያ፣ መቼ፣ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚገባ መወሰን ነው። ለ«ትሮሶስ ዴ ሚ አልማ» ሶሊስ አብሮ የሠራው በፒያኖና በቫዮሊን ቅንብሩ ከሚታወቀው አርጀንቲናዊ ፕሮዲዩሰር ቤቡ ሲልቬቲ ጋር ነው። ሶሊስ ወደ 40 ዓመቱ እየተቃረበ ነበር። ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ጉልበቱን ለማሳየት አይጮኽም። ቃሉን በግልጽ ያደርስና የቀረውን ለዜማው ይተዋል። ዜማው የት እንደሚከብድ የሚያውቀው ራሱ ስለሠራው ነውና ዜማውን እንዲህ ማመኑ አያስገርምም።

ስለዚህ እንዲህ ያዳምጡ። መጀመሪያ የማሪሴላን፣ ቀጥሎ የሶሊስን «ሲ ኖ ቴ ኡቢዬራስ ኢዶ» ይስሙ፤ ከዚያ የሜክሲኮው ሮክ ባንድ ማና በ2008 ያወጣውን ይጨምሩ። በሦስቱም ውስጥ ያልተለወጠውን ለይተው ይያዙ፤ እሱ ድርሰቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከሦስቱ የትኛው የበለጠ እንደነካዎ ራስዎን ይጠይቁ። መልስዎ ምንም ይሁን ምን፣ ምክንያቱን በቅንብሩና በአዘፋፈኑ ውስጥ ፈልገው ማግኘት ይችላሉ። ስፓኒሽ አለማወቅም ከዚህ አያግድዎትም።