ስለ ምድረ በዳ ጉዞ

በአሜሪካ አገር፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። የትምህርት ቤት ዕረፍት በቀረበ ጊዜ ልጆቹን፦ «በሐምሌ ወር በመኪና ተሳፍረን ምድረ በዳውን እናያለን» ብሎ ተስፋ ሰጣቸው። በዚያ አገር ዛፉና አውሬው፥ ድንጋዩም ሳይቀር በመንግሥት የሚጠበቅበት ሰፊ ሥፍራ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በምድረ በዳ ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ ማታ አባትየው ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መንገዱን በእርሳስ ያሰምር ጀመር። አስቀድሞ ወደ ዴዝ ቫሊ፥ ቀጥሎ ወደ ዛየን፥ በመጨረሻም ወደ ግራንድ ካንየን፤ ይህም ሁሉ በአምስት ቀን። ትንሹ ልጅ ከሁሉ ይልቅ ዴዝ ቫሊን ይመኝ ነበር፤ ትርጓሜው የሞት ሸለቆ ማለት ነውና ስሙ ብቻ ያስደንቀው ነበር።

እናቲቱ ካርታውን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፦ «ውኃውን ማን ቆጠረው?» አለች።

አባትየው መልስ አልነበረውም። መኪናውን አስመርምሮ፥ ቤንዚኑንም አስቦ ነበር፤ ውኃን ግን በመንገድ እንገዛለን ብሎ ትቶት ነበር። ታላቂቱ ልጅ ሒሳብ ትወድ ነበርና ወረቀት አመጣች። በምድረ በዳ አንድ ሰው በቀን ከ4 ሊትር ያላነሰ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ለአምስት ሰው 20 ሊትር፥ ለሁለት ቀን 40 ሊትር ሆነ። ደግሞም መኪናው ቢበላሽ ርዳታ እስኪመጣ ድረስ የሚጠጣ ትርፍ ያሻል፤ በዴዝ ቫሊ በአብዛኛው ሥፍራ የእጅ ስልክ አይሠራምና። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው መኪናውን ትቶ በእግሩ መሄድ አይገባውም፤ መኪናው ለሚፈልጉት ሰዎች ከሩቅ ይታያል።

ነገር ግን ውኃ ቢበዛም ሐሩሩ አይቀንስም። በዚያ ሸለቆ ባድዋተር የተባለው ሥፍራ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ዙሪያውንም ተራራ ከብቦታል። ፀሐይ ምድሩን ታግላለች፤ ትኩሱም አየር ወደ ላይ ወጥቶ ጥቂት ይበርድና ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድም ይጨመቃልና እንደ ገና ይሞቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በዚያ ሸለቆ 56.7 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

እናቲቱም፦ «ወደዚያስ በጥር ይሻላል» አለች። አባትየው ተቆጣ፤ ለልጆቹ ቃል ሰጥቷል፥ ለወንድሙም ነግሯል፤ ታዲያ እንዴት ይመለስ? ካርታውን ሳያጥፍ ተኛ። በማግሥቱ ጧት ግን ላጲስ አንሥቶ ወደ ሸለቆው የሚወስደውን መስመር ፋቀ። ዛየንንም ፋቀ፤ ሦስቱን በአምስት ቀን መዞር መሮጥ እንጂ ማየት አይደለምና። የግራንድ ካንየን ደቡባዊ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በሐምሌም አየሩ ይሻላል፤ ስለዚህ ያን ብቻ አስቀረ።

ትንሹ ልጅ አለቀሰ። አባቱም እርሳሱን ሰጥቶ፥ በሸለቆው ስም አጠገብ «ጥር» ብሎ በገዛ እጁ እንዲጽፍ አደረገው።

በጥርም ሄዱ። ውኃው በጀሪካን ተጭኖ ነበር፤ ታላቂቱ ልጅ ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች። ቀኑ ለስላሳ ነበረ፤ ልጆቹም በነጩ የጨው ሜዳ ላይ ሮጡ። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ ሲመለከት በገደሉ ላይ እጅግ ከፍ ብሎ የተለጠፈ ጽሕፈት አየ። አባቱም የባሕር ጠለል እስከዚያ ድረስ መሆኑን ነገረው። ልጁ አንገቱን እንዳቀና ቆየና፦ «አባባ፥ እንግዲያስ ከባሕር በታች ቆመናል» አለ።